ተቀበል አዝማሪ

ሙዚቃ በክፉ ቀን ለሰው ምን ያደርግለታል ሲባል ቶሎ የሚመጣው መልስ «ያስረሳዋል» ነው። ሬዲዮኑም፣ የታክሲ ሾፌሩም፣ አንዳንዴም ሐኪሙ የሚሉት ይህንኑ ነው። ጎንደር ውስጥ ማሲንቆ ባለበት ጠጅ ቤት ያመሸ ሰው ግን በዚህ መልስ አይረካም። የሚፈለገው መርሳት ቢሆን ኖሮ ሰው ሐዘኑን በስንኝ ቋጥሮ ከቤቱ ይዞት አይመጣም ነበር።

አንዲት ሴት ትዝ ትለኛለች። ከበሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች፤ የቀረበላትን ብርሌ አልነካችውም። አዝማሪው አንዱን ነጋዴ በለጋስነቱ እያወደሰ፣ ሌላውን በቦርጩ እየተረበ ቤቱን በሳቅ ሲያናውጠው ቆየ። ሳቁ ጋብ ሲል እጇን ከነጠላዋ አወጣችና «ተቀበል ወንድሜ» አለችው። «እሺ እታለም፣ በይ» አለና ደጋኑን ከጭራው ላይ አነሣ። የሰጠችው ሁለት ስንኝ ነው። ላይ ላዩን ለሰማው፣ ከግጦሽ ስላልተመለሰ ወይፈን የሚያወራ ነገር ነው፤ እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ግን ወይፈኑ ማን እንደሆነ ገብቶታል። ያን ሰሞን ከየቤቱ ወጥቶ ያልተመለሰ ወጣት ብዙ ነበርና። አዝማሪው ዜማውን ወደ ትዝታ መለሰው። ስንኙን ቃል ሳይጨምር፣ ቃል ሳይቀንስ ተቀበላት። ደገመው። በሦስተኛው ላይ ከወዲያ ጥግ አንድ ሽማግሌ አብረው ያንጎራጉሩ ጀመር። የሴትየዋ ፊት አልፈካም። ብርሌዋን ግን አነሣችና ተጎነጨች።

ምን ተፈጠረ? ልጇ አልተመለሰም፤ ስለ ልጇም አዲስ ወሬ አልሰማችም። የሰማችው ራሷ የተናገረችውን ነው። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ያን ስንኝ ቡና ስትቆላም፣ እንጀራ ስትጋግርም ብቻዋን ስታንጎራጉረው የከረመች ናት። በዚያን ጊዜ ተናጋሪዋም ሰሚዋም እሷው ስለነበረች ሐዘኑ ከቤቷ መውጫ አልነበረውም። አዝማሪው ሲቀበላት ያው ሐዘን ከሌላ ሰው አፍ ወጣ፤ እሷም ከአድማጮቹ እንደ አንዷ ሆና ሰማችው። ሰው የራሱን ሐዘን መያዣው ይጠፋዋል፤ የጎረቤቱን ግን እንዴት እንደሚይዘው ከልጅነቱ ጀምሮ ተምሯል፤ መቼ ዝም እንደሚባል፣ መቼ «አይዞሽ» እንደሚባል ያውቃል። ያች ሴት በዚያች ቅጽበት ለራሷ ለቅሶ ደረሰች።

ማሲንቆም ለዚህ ሥራ የተበጀ መሣሪያ ነው። አራት ማዕዘን የእንጨት ሣጥን ቆዳ ለብሶ፣ ረጅም አንገት ተተክሎበት፣ ከፈረስ ጭራ የተገመደ አንድ ክር ይወጠርበታል። ደጋኑም ያው የፈረስ ጭራ ነው፤ ሙጫ ካልተቀባ ድምፅ አይሰጥም። አዝማሪው ክሩን እንደ ጊታር ከእንጨቱ ጋር አያጣብቀውም፤ ጣቶቹን ከጎን አስጠግቶ ይነካዋል እንጂ። ስለዚህ ድምፁ ከአንዱ ኖታ ወደሌላው በዝላይ አይሄድም፤ ተንሸራቶ፣ ተንቀጥቅጦ፣ አንዳንዴም ተሰንጥቆ ነው የሚደርሰው። ክራር አምስትም ስድስትም ክር አለው፤ እያንዳንዱ ክር ቦታውን ያውቃል። ማሲንቆ ቦታውን እየፈለገ የሚሄድ መሣሪያ ነው። አዝማሪው የተሰጠው ስንኝ አልያዝለት ብሎ ሲንተባተብ ማሲንቆው ቀድሞት ጀምሮ ሲጠብቀው ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

ይህ የመስጠትና የመቀበል ሥርዓት ከጠጅ ቤት ብቻ የሚገኝ አይደለም። ምናልባትም ወደ ጠጅ ቤት የገባው ከለቅሶ ቤት ይሆናል። በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ ደጋ ሙሾ አውራጇ የሟቹን ማሳ፣ በሬዎቹን፣ ጠመንጃውን፣ እንግዳ አቀባበሉን ሳይቀር በስም እየጠራች ታወርዳለች፤ ለቀስተኛው ደረቱን እየመታ ይቀበላታል። የሟች እኅት ወይም እናት መካከል ገብታ የራሷን ስንኝ ስትሰጥም እንዲሁ ከአፏ ተቀብለው ያዞሩላታል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ለቅሶው የተቀጣጠለ እሳት ይመስላል እንጂ ዳኛ አለው። ሽማግሌዎች «ይብቃ» የሚሉበት ሰዓት አለ። ይብቃ ሲባል ይቀመጣል፤ እዝን ይቀርባል፤ ሐዘንተኛዋ ባትፈልግም «ቅመሺ» ትባላለች። ሙሾው ሐዘኑን አያሳጥረውም፤ መጀመሪያና መጨረሻ ግን ያበጅለታል።

ሁሉም ሰጪ ሆኖ ተቀባይ ሲጠፋስ? በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ማብቂያ ላይ የሰሜኑ ጦርነት እስከ ዳባት ወረዳ ዘልቆ በጭና ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የገበሬው ቤተሰብ ሲገደል፣ ቀባሪውም ራሱ ሐዘንተኛ ነበር። ሁሉም ሙሾ ያለው ሰው ሲሰበሰብ ለቅሶው ዜማ አይሆንም፤ ጩኸት ነው። አገራችን ለቅሶ ደራሽ ከሩቅ መምጣት አለበት የሚለው፣ ሦስት ቀን ቢያስኬድም መቅረቱን እንደ ቂም የሚይዘው፣ ለዚህ ይመስለኛል። ከሩቅ የመጣው ሰው እንባው ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ለመቀበል የሚሆን ጉሮሮ ይተርፈዋል። ተከዜን ተሻግሮ ትግራይ ውስጥም በዚያው ሰሞን ይለቀስ ነበር። እዚያ ማሲንቆውን ጭራ ዋጣ ይሉታል፤ ክሩ ያው የፈረስ ጭራ ነው። የዚያ ማዶ እናት ስንኟን ለዚህ ማዶ አዝማሪ ብትሰጠው ይቀበላት ይሆን? እኔ ይቀበላታል ባይ ነኝ። የጠጅ ቤቱ ታዳሚ ግን አብሮ ማንጎራጎሩን እጠራጠራለሁ።

የሐዘን ዜማ ጭራሽ አይሰማ የሚልም አለ። ፕላቶ «ሪፐብሊክ» በተባለው መጽሐፉ ሦስተኛ ክፍል የሐሳብ ከተማውን ሲቆረቁር ሙዚቃውን በቅኝት እየለየ ይመርጣል። የሙሾ ቅኝቶችን አስወጣ፤ እንኳን ለወንድ ለጨዋ ሴትም አይሆኑም አለ። የመጠጥና የልስላሴ ናቸው ያላቸውንም አስከተለ። ያስቀራቸው ሁለት ናቸው፤ አንዱ በጦር ሜዳ ቁስልና ሞት ሲገጥመው ለማይበገር ሰው፣ ሌላው በሰላም ቀን በልክ ለሚኖር ሰው። ሰውዬው ጎንደር ቢደርስ ኖሮ ትዝታውንና ዘለሰኛውን ከበር መልሶ ሽለላውን እልል ብሎ ያስገባው ነበር ማለት ነው። በክፉ ቀን መንፈስ የሚያነሣው ደፋር ሙዚቃ ነው፣ የሚያዝነው ሙዚቃ ያላላል የሚለው አስተሳሰብ ዛሬም የብዙ ሰው ነው። ፕሮግራም አዘጋጅ ሁሉ በመከራ ጊዜ «ሞቅ ያለ ነገር» ፍለጋ ሲሯሯጥ እናየዋለን።

ሽለላ መንፈስ አያነሣም ብዬ ልከራከር አልችልም። ከሁሉ ይበልጥ የሚያነሣው እሱ ነው። ሸላዩን ይርጋ ዱባለን ሲሰማ ጸጉሩ የማይቆም የጎንደር ሰው ቢኖር ብርቅ ነው። በአምስቱ የወረራ ዓመታት አርበኛው በየዱሩ የከረመው በጥይት ብቻ አልነበረም፤ በቀረርቶም ነው። ጎንደር ደግሞ የጣሊያን የመጨረሻ ምሽግ ስለነበረች፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እስክትለቀቅ ድረስ ያ ድምፅ ብዙ አገልግሏል። ነገር ግን ሽለላ ተቀባይ አይፈልግም፤ ተከታይ ነው የሚፈልገው። አንዱ ይወጣና ይፎክራል፤ ሌላው ወይ ያጓራል፣ ወይ ተነሥቶ በተራው ይፎክራል። ማንም የሌላውን ቃል ተቀብሎ አይመልስለትም። «እኔም ፈርቻለሁ» የሚል ስንኝ በፉከራ መካከል መስጠት አይቻልም። ያው ዜማ በወራሪም፣ በወንድምም ላይ ሲሆን በዘመናችን አይተናል፤ ዜማው ራሱ ልዩነቱን አያውቀውም።

እዚህ ላይ ቅዱስ ያሬድን ማንሣት ግድ ነው። ዛፍ ላይ ለመውጣት እየወደቀች የታገለችውን ትል ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማት ስለኖርን ልለፋት። እኔን የሚያቆመኝ ጦሩ ነው። ስንክሳሩ እንደሚለው ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጠው የተመረኰዙትን ጦር በያሬድ እግር ላይ ተከሉት። ደሙ ፈሰሰ። ንጉሡ አላወቁም፤ ያሬድም ዜማውን እስኪፈጽም አልተሰማውም። ይህ ታሪክ የሚነገረው ለዜማው ክብር ነው፤ እንዲያ ያለ ጣዕም ነበረው ለማለት። ትክክል ነው። እኔ ግን ስሰማው ሁልጊዜ ሐሳቤ የሚሄደው ወደ ደሙ ነው። ጦር እግር ወግቶ ሳለ ወጊውም ተወጊውም ያላወቁበት ምስጋና ድንቅ ነው፤ የሚያስፈራም ነው። ከፉከራው ጋር በአንድ በኩል ይመሳሰላል፤ በሁለቱም ደም ይፈሳል፣ በሁለቱም ማንም አላየም።

የታሪኩ ቀጣይ ክፍል ብዙ ጊዜ ቶሎ ይታለፋል። ንጉሡ ደሙን ባዩ ጊዜ ደነገጡ፤ የደምህን ዋጋ የፈለግኸውን ጠይቀኝ አሉት። ካስማላቸው በኋላ የጠየቀው ሹመት ወይም ወርቅ አልነበረም፤ ልሂድ ነው ያለው። ወደ ስሜን ሄደ፤ በዚያው አስተማረ፣ በዚያው ዐረፈ። መምህራኑ ይህን የሚፈቱት በምናኔ ነው። የእኔ ንባብ ከእነሱ አይደለም፤ ይቅርታ ይደረግልኝ። ያሬድ የራሱ ዜማ ምን ማድረግ እንደሚችል በገዛ እግሩ ያየ ይመስለኛል። ቁስል የሚያስረሳ ሙዚቃ ለቤተ መንግሥት ይመቻል። እሱ ግን የመረጠው ራስ ዳሸን 4,550 ሜትር ላይ የቆመበትን፣ ገብሱ ከውርጭ ጋር እየታገለ የሚበስልበትን አገር ነው። እዚያ ብርዱ ራሱ ምንም ነገር አያስረሳም።

በዚያ ደጋ ላይ ዛሬም ለምድ የደረበ እረኛ ዋሽንት ይነፋል። አራት ቀዳዳ ያላት ዋሽንት ናት፤ ሸምበቆ ሲጠፋ ከውኃ ቱቦ ቁራጭም ትሠራለች። አንዱ ከዚህ ገደል አፍ ሲነፋ ከማዶው ሌላው ይመልስለታል። አይተያዩም፤ ምናልባትም አይተዋወቁም። ቱሪስቱ ጭላዳውን ፎቶ ሲያነሣ ይህ ያመልጠዋል። ይኸውም መስጠትና መቀበል ነው፤ ቃል የሌለው ብቻ ነው።

የጎንደር ከተማ በዜማ ትምህርት የምትታወቀው በአቋቋም ነው፤ በዓታ የአቋቋሙ ምስክር ቤት ናት። አንድ ሊቅ በየትም ቢማር እዚያ ካልተመሰከረለት የጎንደሩን አቋቋም አወቅሁ አይልም። ይህች ከተማ በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቃጥላለች። በ1859 ዓ.ም. ያቃጠሏት የራሷ ንጉሥ ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው፤ የአብያተ ክርስቲያናቱን ሀብትና መጻሕፍት ወደ መቅደላ አስጋዙ። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ደርቡሾች መጡ፤ ከእነሱ እሳት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች፣ ንቦች አዳኗት ይባላል። ብራና ይቃጠላል፣ ይዘረፋል። አቋቋም ግን በሰው እግር፣ በእጅና በአንገት ውስጥ የተጻፈ ስለሆነ ሰዎቹ ካልጠፉ አይጠፋም። በቃል ሲማሩት የኖሩበት ምክንያት ወረቀት አጥተው ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ግልጽ ሳይሆን አልቀረም።

አሠራሩን በቅርብ ለሚያይ ሰው የትዕግሥት ነገር ነው። ሊቃውንቱ ፊት ለፊት በሁለት ረድፍ ይቆማሉ። አንደኛው ወገን ይላል፤ ሌላው ይቀበላል። መጀመሪያ ቁሙ ነው፤ ድምፅ ብቻ፣ ያለ ከበሮ። ቀጥሎ ዝማሜው፤ መቋሚያው ወደፊትና ወደኋላ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። ከዚያ መረግዱ ከበሮውንና ጸናጽሉን ይጠራል። በመጨረሻ ጽፋቱ ከነጭብጨባው ይመጣል። ያው ቃል ነው በየደረጃው የሚመላለሰው። የቁሙን ርጋታ ሳያልፉ ወደ ጽፋቱ መዝለል የለም። ደስታ ተራውን ጠብቆ ነው የሚመጣው። በዐቢይ ጾም ደግሞ ከበሮውም ጸናጽሉም ይታገዳሉ፤ ለሃምሳ አምስት ቀን መቋሚያ ብቻ ይወዛወዛል። በቀልዳቸው የምናውቃቸው አለቃ ገብረ ሐና የዚህ ትምህርት ሊቅ ነበሩ። አዲስ ዝማሜ ቢያመጡ የጎንደር ሊቃውንት አንቀበልም አሉ፤ ልጃቸው ተክሌ ደብረ ታቦር ላይ አስተማረው፣ በስሙም ተጠራ። አገሩን በሙሉ ያሳቀ ሰው የመቋሚያ ውዝዋዜ ሲያስብ ሌሊቱን ያሳለፈ መሆኑ እኔን አይገርመኝም።

ይህን ሁሉ የሚማረው የተራበ ልጅ ነው። የቆሎ ተማሪ ለምድ ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንጠልጥሎ፣ በውሻ እየተባረረ ከደጅ ደጅ ይለምናል፤ ማታ ጎጆው ገብቶ ቀለሙን ይቀጽላል። ዓለም በነሐሴ 1942 እ.ኤ.አ. በከበባ ውስጥ ሆና የሾስታኮቪችን ሰባተኛ ሲምፎኒ ያሰማችውን ሌኒንግራድን እስከዛሬ ታደንቃለች፤ ሙዚቀኞቹ በረሃብ ከመድከማቸው የተነሣ ተጨማሪ ቀለብ ካልተሰጣቸው መንፋት አይችሉም ነበር። ሊደነቅ ይገባል። እኛ ዘንድ ግን በባዶ ሆድ ዜማ ማጥናት ለስንት መቶ ዓመት የትምህርት ቤት ደንብ ሆኖ ሲኖር ማን ልብ አለው?

አንዲት መነኩሲት ልብ ብለዋል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ፤ አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ የጎንደርም የአዲስ አበባም ከንቲባ የነበሩ ናቸው። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተማሩ፤ በጣሊያን ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አሲናራ ደሴት ተጋዙ፤ በኋላም ግሸን ማርያም መንኩሰው በባዶ እግራቸው ኖሩ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የያሬድን ዜማ ለመማር ጎንደር መጡ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ በደጀ ሰላሙ ውጭ ሜዳ ላይ የሚያድሩትን ተማሪዎች አዩ። የሚሰጧቸው ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ፒያኖ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ሸክላ ያሳተሙት ችግረኛ ለመርዳት ብለው ነበር። መጋቢት 2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ውስጥ በዘጠና ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ።

ያንን ፒያኖ ዛሬ ከቶኪዮ እስከ ኒውዮርክ የሚሰሙ ሰዎች «ያረጋጋል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ሲሰሙት ቁም ዜማ ይመስላል፣ አይቸኩልም። ነገር ግን ከየት እንደመጣ ባወቅሁ ቁጥር ማረጋጋቱ ይቀንስብኛል። ልጆቹ በየደጁ የሚሉትን ልመና እማሆይ ተቀብለው በሌላ መሣሪያ የመለሱት ይመስለኛል። የከንቲባው ልጅ አባቷ በገዛበት ከተማ ደጀ ሰላም ላይ ቆማ ለማኝ ልጆች ሲዘምሩ መስማቷ ብቻውን አንድ ሙሾ ይወጣዋል።

መቀበል ጊዜና ቦታ ይፈልጋል። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊው ሲታወጅ አዲስ አበባ ውስጥ የሚጨፍረው ሰው ሆቴል ውስጥ ተዘግቶበት ሲነጋ ይወጣ ነበር፤ ባንዱም አብሮ ያድራል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ በኋላ ሰዓት እላፊ ከተጣለባቸው ከተሞች አንዷ ጎንደር ነበረች። አዋጁን ያመጣው ጦርነት፣ የመንገዱ መዘጋትና እገታው ሲጨመሩበት ሰው መሸት ሲል ቤቱ ይገባል። ማሲንቆ የማታ ሥራ ነው። አዲስ አበባ ካዛንቺስም የአዝማሪ ቤቶች መንደር የነበረ ሲሆን በ2017 ዓ.ም. ፈረሰ፤ የመላኩ በላይ የአዝማሪ ቤት ፈንድቃም አብሮ ሄደ። ቀሪው በስልክ ነው። ሐዘንተኛው ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ትዝታ ይሰማል፤ ስልኩ ይዘፍንለታል፣ እሱን ግን አይሰማውም። እንዲህ እያልኩ ሳማርር ልጆቹ ቲክቶክ አሳዩኝ። አዝማሪው ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ በቀጥታ ይመታል፤ ከዋሽንግተን፣ ከሪያድ፣ ከቤይሩት ስንኝ ይጻፍለታል፤ እያነበበ ይቀበላል። አንዷ የቤት ሠራተኛ ተደብቃ የጻፈችው ፊደሉ የተወላገደ ነው። አነበበና ዜማውን ቀየረላት። ስለዚህ ቅድም ያልኩትን ግማሹን አንሥቻለሁ።

ይህን ሥራ የሚሠራውን ሰው ግን አገሩ እንዴት ነው የያዘው? ጎንደር አቅራቢያ ያለችው ቡርቧክስ የአዝማሪዎች መንደር ናት፤ ልጁ ማሲንቆን ከአባቱ ይወርሳል፤ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት ለሌላው የማይገባ የሙያ ቋንቋም አላቸው። ሠርግ ያለ እነሱ አይደምቅም። «ልጅህን ለልጄ» ሲባል ግን ነገሩ ሌላ ነው። አዝማሪ መባል ስድብ ሆኖ ያደገ ልጅ ስንቱ ነው። ግራዚያኒ ከእኛ ይልቅ አክብሯቸዋል ማለት ይቻላል፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የግድያ ሙከራ ከተደረገበት በኋላ ጠንቋዮችን፣ ትንቢት ተናጋሪዎችንና ተራኪ ዘፋኞችን እየያዙ እንዲረሽኑ አዝዞ ለሮም በቴሌግራም አስታወቀ። አንድ ክር ያለው ሣጥን ምን እንደሚሠራ ገብቶት ነበር።

እኛ የምንከፍላቸው በሙገሳ ነው። ስምህን ከአባትህ ጋር አጣምሮ፣ ያልሠራኸውን ጀግንነት ጨምሮ ሲያወድስህ መቶ ብሩን ምራቅ አስነክተህ ግንባሩ ላይ ትለጥፍለታለህ፤ ቤቱም ያጨበጭባል። ሐዘን ሲቀበል ግን የሚነሣ ሰው የለም። በዚያ ሰዓት ብር ማውጣት ነውር ይመስላል፤ ሰጪውም አይሸልም፣ ሰሚውም አይሸልም። ይህን ለብዙ ጊዜ ሳየው ከርሜ አንዱን አዝማሪ ሥራው ሲያልቅ ጠየቅሁት። ሳቀብኝ።

«ጋሼ፣ ሐዘኑንማ በነፃ ነው የምንቀበለው» አለኝ። «ሒሳቡን ከሙገሳው ላይ እናካክሳለን።»

ወዲያው ማሲንቆውን አነሣና ስሜን ጠየቀኝ። የአባቴንም ጠየቀኝ። ኪሴ ውስጥ የነበረው ሁሉ ወጣ።